ሥራ እየሠሩ የሙዚቃ መሣሪያ መማር፦ ለጎልማሳ ጀማሪ ዝርዝር መመሪያ

በሙያው የበሰለ ሰው ጊታር ወይም ፒያኖ ለመማር ሲያስብ መጀመሪያ የሚያነሣው ዕድሜውን ነው። ጣቱ የደረቀ፣ ጊዜው ያለፈ ይመስለዋል። ጣት ግን በሠላሳም በሃምሳም ዓመት ይለማመዳል። ጎልማሳን የሚያሰናክለው ሌላ ነው፤ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልጅ ሳምንታት የሚፈጁበትን የኖታ አቆጣጠር በአንድ ምሽት ይጨብጠዋል፤ እጁ ግን ጭንቅላቱ የተረዳውን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። በቢሮው የገባውን ነገር በማግስቱ መፈጸም የለመደ ሰው ይህን ክፍተት የችሎታ ማነስ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚያም «ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ብሎ መሣሪያውን ከአልጋ ሥር ይከተዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ከዚህ ክፍተት ጋር እንዴት መኖር እንደሚቻል ያሳያሉ። ከሥራ ልማድ የሚጠቅም አለ፤ ማቀድ፣ ትልቁን ሥራ መከፋፈል፣ ማስታወሻ መያዝ። የሚጎዳም አለ፤ ቶሎ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ፣ በየቀኑ ውጤት መጠበቅ፣ ችግር በገጠመ ቁጥር የተሻለ ዕቃ መግዛት።

1. የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ፒያኖ መቻል እፈልጋለሁ» ምኞት ነው፤ ዕቅድ አይሆንም። «ሌላ ሰው ሲዘፍን በጊታር ማጀብ»፣ «ቀላል የክላሲካል ሥራዎችን ከኖታ አንብቦ መጫወት»፣ «ከጓደኞቼ ጋር ቤዝ መያዝ» ሲሉ ግን ሦስት የተለያዩ መንገዶች ይታያሉ። ማጀብ ለሚፈልግ ጥቂት ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ የድምፆች ስብስቦች) እና የጸና ምት ይበቁታል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ኖታ ሊያልፍ ይችላል። ክላሲካል ፒያኖ የሚፈልግ ኖታ ማንበብን ከመጀመሪያው ሳምንት መጀመር አለበት፤ ቪዲዮ እያየ በጣት ቅደም ተከተል ብቻ ብዙ ከሄደ በኋላ ወደ ኖታ መመለስ በጣም ያስመርራል። ቤዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኖታ በአንድ ጊዜ ስለሚጫወት ከሰው ጋር ለመቀመጥ ቶሎ ያበቃል፤ ምት የሚያዛባ ቤዝ ግን ሁሉንም ይዞ ነው የሚወድቀው።

ከዓረፍተ ነገሩ ሥር መጫወት የሚመኟቸውን ሦስት ሙዚቃዎች ያስፍሩ። አስተማሪ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያሳዩት ይህን ወረቀት ነው።

2. ቤትዎና የሥራ ሰዓትዎ የሚችሉትን መሣሪያ ይምረጡ

በቅድሚያ ድምፁን መውደድ አለብዎት። ይቀላል ስለተባለ ብቻ የተመረጠ መሣሪያ ዕድሜው አጭር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙዎች የሚረሱት ነው፤ የሚለማመዱት በስንት ሰዓት ነው? የሥራ ሰው ትርፍ ጊዜ ወይ ጎሕ ሳይቀድ ነው፣ ወይ ሌላው ሰው ከተኛ በኋላ። በዚያ ሰዓት ትራምፔትና ድራም የሚታሰቡ አይደሉም። ዲጂታል ፒያኖን በጆሮ ማዳመጫ ከተጫወቱት ከእርስዎ በቀር ማንም አይሰማውም። የኤሌክትሪክ ጊታር ከድምፅ ማጉያው ካልተያያዘ የሚያወጣው ድምፅ ከክፍሉ ብዙም አያልፍም። ለቫዮሊን ክሮቹ የተደገፉበት ድልድይ ላይ የሚሰካ ድምፅ ማፈኛ አለ፤ ለድራምም የጎማ መለማመጃ አለ።

አሜሪካዊው የጃዝ ጊታር ተጫዋች ዌስ ሞንትጎመሪ ባለ ስድስት ክሩን ጊታር በቁም ነገር የያዘው በሃያ ዓመቱ ገደማ ነበር። ቀን ቀን ተቀጥሮ ይሠራል፤ ልምምዱ ማታ ነው። ጎረቤት እንዳይረብሽ ፒኩን (የክር መምቻውን ቁራጭ) ትቶ ክሩን በአውራ ጣቱ መምታት ያዘ፤ ያ ለስላሳ ድምፅ በኋላ መታወቂያው ሆነ። ስለዚህ የቤትዎ ሁኔታ የሚያስገድድዎትን ነገር ሁሉ እንደ ጉድለት አይቁጠሩት።

የየመሣሪያው ክፉ ቀን የሚመጣበት ጊዜም ይለያያል። ፒያኖ ቁልፉን ለነካ ሁሉ ትክክለኛ ድምፅ ይሰጣል፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ እጆች የተለያየ ነገር መሥራት ሲጀምሩ ነው። ጊታር መጀመሪያ ላይ ጣት ያሳምማል፤ የመጀመሪያዎቹ ኮርዶች ከተያዙ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ መንገዱ የተስተካከለ ነው። ቫዮሊን ፍሬት (በጊታር አንገት ላይ የኖታውን ቦታ የሚለይ የብረት ዘንግ) ስለሌለው እያንዳንዱ ኖታ በጆሮ ተፈልጎ ይገኛል፤ ጆሮ የሚወደው ድምፅ እስኪወጣ ወራት ይወስዳል። ይህን አውቆ የመረጠው ሰው ይጸናል፤ ሳያውቅ የገባበት ነው የሚሸሸው።

3. ከመግዛትዎ በፊት ይፈትሹ

መከራየት የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት በኪራይ ይሞክሩ፤ በተለይ ቫዮሊንና የትንፋሽ መሣሪያዎችን። የሚገዙ ከሆነ ውድ መሆኑ ሳይሆን በአግባቡ መሥራቱ ነው ዋናው።

ጊታር ሲያዩ ዓይንዎን አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያሳርፉ። በብረት ክር ጊታር በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጣትዎ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ብዙ ጀማሪ የራሱ ድክመት የሚመስለው ችግር የክሩ ከፍታ ሆኖ ይገኛል፤ ጊታር የሚጠግን ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ሊያወርደው ይችላል። የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ክሩ ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ለጣት ይለሰልሳል፣ አንገቱ ግን ሰፋ ስለሚል ለአጭር ጣት ያስቸግራል።

ቀጥሎ ጊታሩን ይቃኙና አንዱን ክር ሳይጫኑ ይምቱ፤ ከዚያ እዚያው ክር ላይ አሥራ ሁለተኛውን ፍሬት ተጭነው እንደገና ይምቱ። ሁለተኛው ድምፅ ያው ኖታ ሆኖ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ስልክዎ ላይ ያለው መቃኛ የመጀመሪያውን ልክ፣ ሁለተኛውን ግን ዝቅ ወይም ከፍ ያለ አድርጎ ካሳየ ክሩን አስለውጠው እንደገና ይሞክሩ። አሁንም ካልተስተካከለ ያ ጊታር የቱንም ያህል ቢቃኝ ወደ አንገቱ ታች ሲወርዱ ይዛባል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ይሞክሩና የሚንጫረር ድምፅ እንዳለ ያዳምጡ። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ዲጂታል ፒያኖ ሲገዙ ቁልፎቹ 88 መሆናቸው ብቻውን አይበቃም፤ ክብደት ያላቸውና የንክኪዎን ጉልበት የሚለዩ መሆን አለባቸው። ቀስ ብለው ሲነኩትም ጠንከር ሲሉበትም እኩል የሚጮኽ ኪቦርድ ለእጅ የፒያኖን አካሄድ አያስተምርም። ዓላማዎ ማጀብ ከሆነ ባለ 61 ቁልፉ ቀላል ኪቦርድ ይበቃል። ሁለተኛ እጅ ከሆነ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ አንዴ በዝግታ አንዴ በኃይል ይጫኑ።

ከዚህ ሌላ መቃኛና ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ያስፈልግዎታል፤ ሁለቱም በስልክ መተግበሪያ በነጻ ይገኛሉ። መቃኛው 440 ሄርዝ (የተለመደው የቅኝት ልክ) ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ ሳይታወቅ ከተነካ ለብቻዎ ሲጫወቱ ልክ ይመስላል፣ ከተቀረጸ ሙዚቃ ጋር ሲጫወቱ ግን አይገጥምም። ከዚህ በኋላ ለስድስት ወር ምንም አይግዙ። አዲስ ዕቃ ማማረጥ ልምምድ ይመስላል፤ አይደለም።

4. ቦታና ሰዓት ይስጡት

መሣሪያው ከሻንጣው ወጥቶ፣ በማቆሚያው ላይ፣ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ይቁም። ከፀሐይና ከማሞቂያ ይራቅ፤ እንጨት በሙቀት ይጣመማል፣ ቅኝቱም አይጸናም። ደክሞት የገባ ሰው ሻንጣ ከፍቶ፣ ገመድ ፈትቶ፣ ወረቀት ፈልጎ አይለማመድም። እጅ ዘርግቶ የሚያነሣው ከሆነ ግን «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ይጀምርና ሃያ ይቆያል።

የጊዜው መጠን በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ይሁን። ቅዳሜ ላይ ሁለት ሰዓት መደራረብ ከዚህ የሚበልጥ ይመስላል፤ በደቂቃ ከቆጠርነውም በእርግጥ ይበልጣል። ሆኖም እጅ የሚማረው በልምምዱ ሰዓት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ላይ በጣታቸው የተወሰነ የቁልፍ ቅደም ተከተል የተለማመዱ ሰዎች እንቅልፍ ተኝተው ሲነሡ፣ ተጨማሪ ልምምድ ሳያደርጉ ፍጥነታቸው 20 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። አምስት ቀን የሚለማመድ ሰው አምስት ሌሊት ይሠራለታል፤ የቅዳሜው ሰው ግን አንድ።

ሃያ ደቂቃው በዓመት ሲደመር 87 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህን ሲሰማ «ለመቻል 10,000 ሰዓት ያስፈልጋል» የሚለው አባባል ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም፤ በዚያ ስሌት ከ110 ዓመት በላይ መኖር ሊኖርብን ነው። ቁጥሩ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1993 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ካወጡት ጥናት ሲሆን፣ ምርጦቹ ሃያ ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ የተለማመዱትን የሚያሳይ ግምት እንጂ ደንብ አይደለም። ወዳጅ ሲዘፍን ለማጀብ ለሚፈልግ ሰው በቅጡ የተሠራ 87 ሰዓት ብዙ ነው።

ሰዓቱን ከቋሚ ነገር ጋር ያያይዙት፤ ጠዋት ፊትዎን ከታጠቡ በኋላ፣ ወይም ከሥራ ገብተው ሶፋው ላይ ከመቀመጥዎ በፊት። ከተቀመጡ በኋላ የሚለውን አልመክርም።

5. አስተማሪ ይያዙ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ቪዲዮ ብዙ ነገር ያስተምራል፤ የእጅዎን አያያዝ ግን አያይም። የተጣመመ የእጅ አንጓ፣ የተሰቀለ ትከሻ፣ በጣም የተጠጋ ወንበር በመጀመሪያው ወር በአንድ ቃል ይታረማሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሥር ሰድደው ይጠብቁዎታል። ሥራ ለሚበዛበት ሰው በሁለት ሳምንት አንድ ትምህርት በየሳምንቱ ከሚሰረዝ ቀጠሮ ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሙዚቃዎች የጻፉበትን ወረቀት ያሳዩና አስተማሪው የሚያደርገውን ይመልከቱ። «ይህኛው በስድስት ወር ይደረስበታል፣ ያኛው ይቆይ» የሚል ከሆነ በደህና እጅ ገብተዋል። ወረቀቱን ሳያይ የልጆች መማሪያ የሚያወጣ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። በየትምህርቱ አንድ የተጻፈ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ደግሞ አስተማሪውን አስፈቅደው በስልክ ይቅረጹ፤ ቤት ሲደርሱ የሚረሳው እርሱ ነውና።

6. ሃያው ደቂቃ እንዴት ያልፋል?

ጎልማሳ ሳይወስን ይቀመጥና ጊዜውን የሚያውቀውን ሲደጋግም ይጨርሰዋል። ስለዚህ የነገውን ልምምድ ዛሬ፣ መሣሪያውን ከማስቀመጥዎ በፊት፣ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ «ከሲ ወደ ጂ፣ በ50 ምት» ወይም «ከባር 9 እስከ 12፣ ግራ እጅ ብቻ» ብለው፤ ሲና ጂ የኮርድ ስሞች ናቸው፣ ባር ደግሞ ሙዚቃው በምት የሚከፋፈልበት አንዱ ክፍል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ለመቃኘትና እጅ ለማፍታታት ናቸው። ቀጣዮቹ አሥር ደቂቃዎች ለአንድ አስቸጋሪ ነገር። የቀሩት ሰባት፣ አምስቱ ትናንት ለተያዘ ነገር፣ ሁለቱ ለደስታ ብቻ ለሚጫወቱት ይሁኑ። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች አይሰርዟቸው፤ ነገ ወደ ወንበሩ የሚመልሱዎት እነርሱ ናቸው።

አሥሩን ደቂቃ በጊታር ቀረብ ብለን እንየው። ሲ ሜጀር የሚያዘው አመልካች ጣት ሁለተኛው ክር አንደኛው ፍሬት ላይ፣ የመሃል ጣት አራተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ የቀለበት ጣት አምስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሆነው ነው። ክሮቹ የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ጀምሮ ነው። አሁን ወደ ኤ ማይነር ይሂዱ። ጀማሪው ሦስቱንም ጣቶች አንሥቶ እንደገና ይደረድራል፤ አላስፈላጊ ድካም ነው። አመልካችና የመሃል ጣት ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ የቀለበት ጣት ብቻ ከአምስተኛው ክር ተነሥቶ ሦስተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያርፋል። ያ ነው ሙሉው ለውጥ።

ከሲ ወደ ጂ የሚደረገው ጉዞ ትንሽ ይከብዳል፤ እዚያም ግን የተደበቀ መንገድ አለ። የቀለበት ጣት ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ክር፣ የመሃል ጣት ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ክር አንድ ላይ ይሻገራሉ፤ ፍሬታቸው አይለወጥም፣ እርስ በርስ ያላቸው ቅርጽም አይፈርስም። አመልካች ይነሣል፣ ትንሿ ጣት አንደኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ትወርዳለች። መጀመሪያ ቀኝ እጅዎ ሳይመታ፣ ግራ እጅ ብቻ ይህን ሽግግር በዝግታ ይሥራ። ከዚያ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 50 ምት ላይ ያድርጉ፤ በአንደኛው ምት ሲን ይምቱ፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እጅዎ እየተዛወረ ይቁጠሩ፣ በሚቀጥለው አንድ ላይ ጂን ይምቱ። ጣት ቢዘገይም ምቱን አይጠብቁት፤ በከፊል የተያዘ ኮርድ በሰዓቱ መምታት፣ የተሟላውን አዘግይቶ ከመምታት ይሻላል። አምስት ጊዜ በተከታታይ ንጹሕ ሲሆን በአራት ምት ይጨምሩ። በዚያው ምሽት 60 ላይ ካልደረሱ ምንም አልጎደለም፤ ሌሊቱ ይሠራበታል።

በፒያኖም ስልቱ ያው ነው። ሁለት ባር ይምረጡ፤ ቀኝ እጅ ብቻ፣ ግራ እጅ ብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን በግማሽ ፍጥነት። የጣት ቁጥሮቹን ኖታው ላይ በእርሳስ ይጻፉና አይቀያይሯቸው። ዛሬ በሁለተኛ፣ ነገ በሦስተኛ ጣት የተነካ ቁልፍ ለእጅ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ነው።

እዚህ ላይ የሥራ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ልማድ አለ፤ በተሳሳተ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህ አካሄድ የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ሺህ ጊዜ ሲደገሙ መጨረሻው ሳይነካ ይቀራል። ስሕተቱ ካለበት ባር አንድ ባር ወደ ኋላ ብለው ይነሡ፤ አዲስ ሙዚቃ ሲይዙ ደግሞ ከመጨረሻው አራት ባር ይጀምሩ። ያኔ ሲጫወቱ የሚሄዱት ከማያውቁት ወደሚያውቁት ስለሚሆን መጨረሻው ላይ አይንቀጠቀጡም።

7. የሰውነትን ምልክት ይለዩ

በብረት ክር ጊታር የጣት ጫፍ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ያማል፤ ከዚያ ቆዳው ይጠነክራል። የግራ እጅ ጥፍር አጭር ይሁን። ይህ የሚጠበቅ ሕመም ነው። በእጅ አንጓ፣ በክንድ ወይም በአውራ ጣት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ግን ፈጽሞ አይታለፍም፤ ወዲያው ያቁሙ፣ ከቀጠለ ሐኪም ያማክሩ። ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ የደከሙትን ጅማቶች ነው ማታም የሚያሠራቸው። አሥር ደቂቃ ላይ እጁን አውርዶ ያራግፍ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው መውጣቱንም ያስተውል። ጀማሪ ክሩን ከሚያስፈልገው በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው፤ ድምፁ እስኪታፈን ያላሉትና ከዚያ በጥቂቱ ብቻ ይጨምሩ፤ በቂው ጉልበት እርሱ ነው።

ጆሮም አካል ነው። ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ለረጅም ሰዓት ሲደጋገም የመስማት ችሎታን ይጎዳል፤ ድራም በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። በጆሮ ማዳመጫ የሚለማመዱም ድምፁን ዝቅ ያድርጉ።

8. እድገቱ የቆመ ሲመስል

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ምንም የማይጨምር የሚመስልበት ወቅት ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ እጅ አልቆመም፤ ጆሮ ነው የቀደመው። በመጀመሪያው ወር የማይሰሙትን የምት መዛባት አሁን ስለሚሰሙት የባሱ ይመስልዎታል። ለዚህ መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ሙዚቃ በስልክ መቅረጽ ነው። በቀረጹበት ቀን አያዳምጡት፤ በዚያ ቀን ጆሮ ከሳሽ ነው። የሁለት ወር ቅጂዎች ሲጠራቀሙ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አከታትለው ይስሙ።

እውነትም የቆመ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ነው። ሜትሮኖሙን በሩብ ዝቅ ያድርጉ፤ በ80 የሚደናቀፉበትን በ60 ይጫወቱት። በ60ም ከተደናቀፉ ችግሩ የፍጥነት አይደለም፤ አንድ የተወሰነ ጣት የሚሄድበትን አያውቅም ማለት ነው። ያንን ጣት ፈልገው ያግኙት።

9. ሥራ ሲያጣብብ

የሪፖርት ወቅት ይመጣል፣ የሥራ ጉዞ ይመጣል። ለእነዚህ ሳምንታት አስቀድሞ የተወሰነ ትንሽ ልምምድ ይኑርዎት፤ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ኮርድ ሽግግር፣ በቃ። መሣሪያው ከሌለ የሚማሩትን ሙዚቃ እያዳመጡ ምቱን በእግር ይቁጠሩ፣ ዜማውን በአፍዎ ያዚሙት፤ በአፍ የማይዜም ነገር በጣትም አይወጣም።

ሁለት ሳምንት ካመለጠ ያመለጠውን ለማካካስ አይሞክሩ። ሲመለሱ ከቀላሉ ሙዚቃ፣ ከቀድሞው ፍጥነት በግማሽ ይጀምሩ። የጠፋው አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይመለሳል። በመጀመሪያው ምሽት ከባዱን አንሥቶ የተናደደ ሰው ግን ሦስተኛ ሳምንት ይጨምርበታል።

10. ከሰው ጋር ይጫወቱ

ሦስት ኮርድ በማያቋርጥ ምት መለዋወጥ ከቻሉ ጊዜው ደርሷል፤ «ትንሽ ልሻሻል» የሚለው ማለቂያ የለውም። ለመጀመሪያው ጊዜ አንድ የሚዘፍን ሰው ይበቃል፤ ተመልካች አያስፈልግም። አንድ ቀላል ዘፈን መርጣችሁ ከተለመደው ዝግ ባለ ፍጥነት ተስማሙ፤ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሙሉ ባር ጮክ ብላችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ለብቻው የተለማመደ ሰው ሲሳሳት ቆሞ ማረም ስለለመደ እዚህ የሚቸገረው በኮርዱ ሳይሆን ባለመቆሙ ነው። ኮርድ ሲያመልጥዎት እጅዎን ከክሩ አንሡ፣ እግርዎ መቁጠሩን አያቋርጥ፣ ዘፋኙን ያዳምጡ፣ በሚቀጥለው ባር አንድ ላይ ይግቡ።